ኳስ መጫወት ሲጋራን ያጥባል?

ካርቱም ጅሬፍ ሰፈር ስኖር ወደ ማታ ኳስ የምንጫወት አበሾች ነበርን። ጨዋታው ሲያልቅ ግማሾቻችን ሻይ ሻጯ ጋ ቁጭ ብለን ሲጋራ እንለኩሳለን። «ችግር የለም፣ ላቡ አጥቦ ያወጣዋል» እንባባል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ተምሬ ያቋረጥኩ ሰው ሆኜ እኔም አምን ነበር እኮ! ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሳና ተበታተንን፤ እኔም ካምፕ ገባሁ። በቅርቡ አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪዬ ሲያጨስ አግኝቼው ብቆጣው «ቲቸር፣ እኔ እኮ እሮጣለሁ፣ አይጎዳኝም» አለኝ። ያው የጅሬፍ ወሬ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ብግነት ምንድን ነው? እሾህ ሲወጋን ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ነጭ የደም ሴሎች ለመከላከል እየተሰበሰቡ ነው ማለት ነው። ሥራቸውን ጨርሰው ሲበተኑ ቁስሉ ይድናል። በሚያጨስ ሰው ሳንባ ውስጥ ግን እሾሁ በየቀኑ ይወጋል። ጭስ በገባ ቁጥር ሴሎቹ ይጠራሉ፣ የመበተኛ ጊዜ አያገኙም። ጀርም ለመግደል የሚረጩት ኢንዛይምም የራሳችንን የአየር ከረጢቶች ግድግዳ ይበላል። የተበላው ተመልሶ አይበቅልም። ነገሩ በሳንባ ብቻ አያበቃም፤ በአጫሾች ደም ውስጥ የነጭ ሴሎች ቁጥርና ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለው የብግነት ምልክት ከፍ ብለው ይገኛሉ፤ የልብ ደም ሥሮችም ይጎዳሉ። (ሺሻ በውሃ ተጣርቷል ለምትሉ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳስታወቀው በአንድ ሰዓት ሺሻ የሚሳበው ጭስ በመጠን የአንድ ሲጋራን ከ100 እስከ 200 እጥፍ ይሆናል።)

ታዲያ ስፖርት ምን ያደርጋል? ጡንቻ ሲሠራ ኢንተርሉኪን 6 የሚባል መልእክተኛ ወደ ደም ይለቃል። የሚገርመው ይኸው መልእክተኛ በሕመም ጊዜ ብግነትን ያባብሳል፤ ከሚሠራ ጡንቻ ሲወጣ ግን እንደ ኢንተርሉኪን 10 ያሉ የሚያበርዱትን ይቀሰቅሳል። ከጡንቻ ለሚወጡ መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ2003 «ማይዮካይን» የሚል ስም ያወጡላቸው የዴንማርኳ ሐኪም ቤንቴ ክላርሉንድ ፔደርሰንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከዚህም በላይ አዘውትሮ መንቀሳቀስ ብግነት የሚያመነጨውን የሆድ ስብ ይቀንሳል።

በአጫሾችስ ላይ? ኮፐንሃገን ውስጥ 6,790 ሰዎችን ለ10 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል። ከአጫሾቹ መካከል በደንብ የሚንቀሳቀሱት የሳንባቸው አቅም የወረደው እምብዛም ከማይንቀሳቀሱት በዝግታ ነበር። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ የብግነት መቀነስ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ። ልብ በሉ! በዝግታ ወረደ እንጂ አልቆመም። ደግሞም ሳንባው ደህና የሆነ ሰው ድሮውንም ይበልጥ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ውጤቱን ሁሉ ለስፖርት መስጠት አይቻልም። ላብ ታር አያወጣም። ሩጫው እሳቱ ላይ ውሃ ይረጫል፣ ሲጋራው እንጨት ይጨምራል።

በዚያ ላይ ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። አጫሹ ተጫዋች ቶሎ የሚያለከልከው አንድም በዚህ ነው።

ልኩን በተመለከተ፣ ለአዋቂ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ እያወራን የምንሄድበት፣ ዘፈን ግን የሚያቅተን ፍጥነት። ከአቅም በላይ መሮጥ ለጊዜው ብግነቱን ይጨምረዋል። በዚህ ፀሐይ ቀትር ላይ መሮጥማ ሌላ ጣጣ ነው። ደረቱን የሚያመው ሰው መጀመሪያ ክሊኒክ ይሂድ።

ለእኔ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። የማጨስ አምሮት ሲመጣ አጭር ፈጣን እርምጃ አምሮቱን ለጊዜው እንደሚያበርደው በብዙ ጥናት ታይቷል። እኔም ያቆምኩት እንዲሁ ነው፤ ሲያምረኝ ተነስቼ እስከ ውሃ ቧንቧው ደርሼ እመለስ ነበር። በሦስተኛው ሙከራ ተሳካልኝ። ተማሪዬን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አብረን እንድንሄድ ጠየቅኩት። ሁለት ቀን መጣ፣ ሦስተኛው ቀን ቀረ። ነገም በሩ ላይ ሄጄ አንኳኳለሁ።