መጽሐፍ ገዢ ቤታችሁ ሲመጣ የማይነግራችሁ

ይህች በእኔና በእናንተ መካከል ትቅር። ያገለገሉ መጻሕፍት የምንገዛ ሰዎች ቤት ስንጠራ ዐይናችን ሳሎን በተደረደረው ላይ አያርፍም። ሳሎን ያለውን ባለቤቱ ያውቀዋል፣ ዋጋውንም ያውቃል። እኛ የምንሰልለው አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን አናትና በረንዳ ነው። በማዳበሪያ ታስሮ የተረሳ መጽሐፍ የእኛ እንጀራ ነው።

ስልካችን የሚበዛው ሰው ቤት ሲለቅ ነው። ከወላጅ ግቢ ወጥቶ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ የሚገባ ሰው፣ አይሱዙው በር ላይ ቆሞ፣ ተሸካሚዎቹ እየተነጫነጩ፣ ዋጋ የሚከራከርበት አንጀት የለውም። «በጥቅል ስንት ትሉታላችሁ?» ይላል። እኛም ፊታችንን አጨፍግገን «ኧረ ይሄ የተማሪ መጽሐፍ ነው የበዛው» እንላለን። ከማዳበሪያው ሥር ግን በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳትሞት ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ጀርባው ብቅ ብሏል። እሱን አይተን እንዳላየን ሆነን ነው ሌላውን ሁሉ የምንሸከመው።

ለነገሩ «ቦታ የለኝም» የሚለውን ሰው ግማሹን አናምነውም። ቦታውን የበላው መጽሐፉ ሳይሆን ቡፌው ነው። አናጺ ሳይነገረው የሚሠራው መደርደሪያ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለብርጭቆና ለድስት የለመደው ነዋ! ብዙው የአማርኛ ልብ ወለድ ግን ስፋቱ ከ15፣ ቁመቱ ከ21 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ባለቤቱ በሁለት ረድፍ ይደረድራል፣ የኋላው ረድፍ ይረሳል። ቤቱ ያለውን መጽሐፍ «የለኝም» ብሎ ከእኛው ደግሞ የገዛ ስንት ደንበኛ አለን መሰላችሁ።

ለመጽሐፍ የሚሆነውን መደርደሪያ እንዲህ አሠሩት። አንድ ሙሉ ቺፑድ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። በ24 ሴንቲ ሜትር ስፋት በቁመቱ ቢሰነጠቅ አምስት ቁራጭ ይወጣዋል። ሁለቱ የጎን ማቆሚያ ይሁኑ፤ የቀሩት ሦስቱ በ60 ሴንቲ ሜትር ሲቆረጡ ዐሥራ ሁለት ጣውላ ይሰጣሉ። በዐሥሩ ዘጠኝ ደርብ ያለው፣ ጣሪያ ሊነካ ምንም ያልቀረው መደርደሪያ ይቆማል፤ መካከለኛ ውፍረት ካላቸው መጻሕፍት ሦስት መቶ ያህል ይይዛል። ከወለሉ የሚወስደው የአንድ ወንበር ያህል እንኳ አይሆንም። አናጺው «ለምን በ60? በአንድ ሜትር ላድርገው» ካላችሁ እሺ አትበሉ። ረጅም ቺፑድ መጽሐፍ ሲጫነው መሐሉ ይጎብጣል፣ አንዴ ከጎበጠ ደግሞ አይቃናም።

ግድግዳ ላይ መስቀል የሚያምራችሁ ደግሞ ቆም በሉ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ክፍት ብሎኬት ነው። ፊሸሩ ባዶ ሆድ ውስጥ ገብቶ ለስዕል ይበቃ ይሆናል፣ ለመጽሐፍ ግን አይታመንም። መደርደሪያው ወለል ላይ ይቁም፤ ወደፊት እንዳይወድቅ አናቱን ብቻ ከኮለኑ ጋር እሰሩት።

ክረምትን ሳልጠቅስ ባልፍ ለሙያው ታማኝ አልሆንም። እኛ መጽሐፍ ስንገዛ መጀመሪያ ገልጠን እናሸታለን። ፌስታል ውስጥ ታሽጎ የከረመ መጽሐፍ ሻጋታው ይናገርበታል፤ ዋጋውን በግማሽ የምንጥለው ያኔ ነው። ካፈናችሁት ያልበዋል። መደርደሪያውን ዝናብ ከሚመታው የውጭ ግድግዳና ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ራቅ አድርጉት፤ ሌላ ምርጫ ከሌለ ከጀርባው አራት ጣት ያህል ክፍተት ተዉለት። የግድ ካርቶን ውስጥ የሚገባ ካለ ካርቶኑ ትንሽ ይሁን፤ የቴሌቪዥን ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ የሚያነሳ ሰው የለም፣ ከሥሩም ይቀደዳል። ወለል ላይም አይቀመጥ፤ ምስጥ የሚጀምረው ከታች ነው።

ምን ይውጣ ለሚለው የእኔ ፍርድ አጭር ነው። ከሞስኮ በፕሮግረስ ታትመው የመጡት የነሌኒን ወፍራም ጥራዞች ሰፊ ቦታ ይዘው ገዢያቸው ጥቂት ነው። ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሞጁል ለሚማርበት ስጡት። ቀጫጭን የድሮ መጽሔቶችንና በራሪ ኅትመቶችን ግን ጣት እንዳታስነኩ። ሰው ቆሻሻ ብሎ የሚጥላቸው እነሱን ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በልዩ ትእዛዝ የሚፈለጉት እነሱ ናቸው።

ለመሸጥ ከቆረጣችሁ በጥቅል አትሽጡ። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ዘርግታችሁ፣ የታተሙበትን ዘመን አይታችሁ፣ ቢያንስ ሁለት አዟሪ በተለያየ ቀን ጥሩ። ሁለቱም አንስተው ገልጠው፣ ዝም ብለው የመለሱት መጽሐፍ ካለ እሱን ለማንም እንዳትሰጡ።