የስኳር ሕሙማን እግር የአጥንት ኢንፌክሽን እና የምስል ምርመራ በሕክምናው ያለው ድርሻ

በስኳር በሽታ ሳቢያ በእግር ላይ የወጣ ቁስል ወደ ውስጥ ዘልቆ አጥንት ሲደርስ ኦስቲዮማያላይትስ የሚባለው የአጥንት ኢንፌክሽን ይከሰታል። ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ሐኪሞች አዲስ አይደለም፤ በከተማዋ የስኳር ክሊኒክ ክትትል በነበራቸው ሕሙማን ላይ ስለተፈጸመ የእግር ቆረጣ የሚያትት ጽሑፍ በ1995 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ታትሟል። ዛሬ ኤም.አር.አይ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት ይሠራል። ይሁን እንጂ ምርመራው መቼና ለየትኛው ጥያቄ እንደሚታዘዝ በሚገባ ካልታሰበበት፣ የታካሚው ገንዘብ ያልቃል፤ ጣቱም አይተርፍም።

መቅላቱ በፍጥነት የሚስፋፋ፣ መግል የቋጠረ ወይም ሲዳሰስ ከቆዳው ሥር አየር የሚንኮሻኮሽበት እግር ያለው፣ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ የታየበት ታካሚ የምስል ተራ ሊጠብቅ አይገባውም፤ ወዲያውኑ ወደ ቀዶ ሕክምና ይላካል። ከዚህ በታች ያለው ሐተታ ጊዜ የሚሰጠውን ታካሚ የሚመለከት ነው።

ለአብነት ከሰሚት ወይም ከጃክሮስ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ፣ በአውራ ጣቱ ሥር ቁስል ካወጣ ሦስት ሳምንት የሆነው፣ የእግሩ የደም ሥር ትርታ ግን በደንብ የሚዳሰስ ሰው ይወሰድ። የመጀመሪያው ምርመራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ጫፉ ዶልዱም የሆነ ከጀርም የጸዳ የብረት ፕሮብ በቁስሉ ወለል ላይ በቀስታ ሲጫን ጠንካራና ሻካራ ነገር ከነካ አጥንት ተደርሷል ማለት ነው። በ1995 ግሬሰንና ባልደረቦቹ ሆስፒታል በተኙ፣ ኢንፌክሽናቸው በጠና ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ፕሮቡ አጥንት ከነካባቸው ውስጥ 89 በመቶው ኦስቲዮማያላይትስ ነበረባቸው። በ2007 ላቬሪና ባልደረቦቹ በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ሲፈትሹት ግን ይኸው አኃዝ ወደ 57 በመቶ ወረደ፤ በአንጻሩ አጥንት ካልተነካ በሽታው ያለመኖሩ ዕድል 98 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ የመጣው በተመላላሽ ታካሚዎች ዘንድ በሽታው ከመነሻው ጥቂት በመሆኑ ነው። ስለዚህ ለጤና ጣቢያ ባለሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው የፕሮቡ አሉታዊ ውጤት ነው። ኢ.ኤስ.አር በሰዓት ከ70 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ቀጥሎ ራጅ ይታዘዛል። ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። የአጥንቱ ማዕድን ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህል ካልቀነሰ ጉዳቱ በራጅ አይታይም፤ ይህም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል። በመሆኑም በመጀመሪያው ቀን «ጤናማ» ተብሎ የተነበበ ራጅ በሽታውን አያስቀርም፤ ዋጋው ለማነጻጸሪያ ነው። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ በዚያው አቅጣጫ ሁለተኛ ራጅ ይነሣል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታያሉ። ከቁስሉ ሥር የአጥንቱ ውጫዊ ቅርፊት መበላት ወይም የፔሪኦስቲየም መነሣት በመካከሉ ከታየ ምርመራው በአብዛኛው እዚያው ያበቃል።

በተግባር ግን ታካሚው የመጀመሪያውን ራጅ ገርጂ፣ ሁለተኛውን መገናኛ ያነሣና የፊተኛውን ፊልም ቤቱ ጥሎት ይመጣል። ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይዞ እንዲመጣ መንገር የሕክምናው አካል ነው። «የእግር ራጅ» ብቻ ብሎ ማዘዝም ለራዲዮሎጂ ባለሙያው ግማሽ ጥያቄ መላክ ነው፤ ቁስሉ የት እንዳለ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ፕሮቡ አጥንት መንካት አለመንካቱ፣ ቀደም ሲል የተቆረጠ ጣት መኖሩ ይጻፍ።

ኤም.አር.አይ የሚያስፈልገው ፕሮቡ፣ ራጁና የደም ምርመራው ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ ወይም ቀዶ ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ እስከ የት እንደዘለቀ ማወቅ ሲሻ ነው። የታመመ መቅኔ በቲ-1 ምስል ይጠቁራል፤ በስተር ምስል ይነጣል። ይሁንና የሻርኮ እግርም መቅኔውን እንዲሁ ሊለውጠው ስለሚችል ቦታው ይታይ፦ ሻርኮ አብዛኛውን ጊዜ የእግርን መካከለኛ መገጣጠሚያዎች ያጠቃል፤ ኦስቲዮማያላይትስ ግን ከቁስሉ ሥር ባለ አንድ አጥንት፣ በተለይም በጣቶች፣ በሜታታርሳል ጫፎችና በተረከዝ ይገኛል። አጥንቱን ለማየት ጋዶሊንየም የግድ አያስፈልግም፤ ይህም ኩላሊታቸው ለደከመ ሕሙማን መልካም ዜና ነው። የደም ዝውውሩን በተመለከተ ግን የተለመደው የእግር ኤም.አር.አይ መልስ አይሰጥም፤ የትርታውና የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ምርመራ በእርሱ አይተካም።

ምስሉ ሕክምናን የሚመራው እንዲህ ነው። በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የስኳር ሕሙማን እግር መመሪያ እንደሚለው፣ ኢንፌክሽኑ በፊተኛው የእግር ክፍል ከሆነ፣ አጥንቱ ካልተጋለጠ፣ አስቸኳይ መግል ማውጣት ካላስፈለገና የደም ሥር መጥበብ ከሌለ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና በአንቲባዮቲክ ብቻ ማከም ሊታሰብ ይችላል፤ ጊዜውም 6 ሳምንት ነው። አጥንት ተቆርጦ የቀረው ጠርዝ ጀርም ከተገኘበት እስከ 3 ሳምንት ይበቃል። በ2015 በፈረንሳይ በ40 ሕሙማን ላይ 6 እና 12 ሳምንት ሲነጻጸሩ፣ ረጅሙ ሕክምና ጎልቶ የሚታይ ብልጫ አላሳየም። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ለወራት አንቲባዮቲክ የመስጠትን ልማድ እንደገና ለማየት ያስገድዳል። የታካሚው ሁኔታ ከፈቀደ መድኃኒቱ ሳይጀመር የአጥንት ናሙና መውሰድም ይመረጣል።

መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ እግሩ ከጫና ማረፍ አለበት። በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ካሉት ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ፣ አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው «አትርገጥበት» የሚለው ምክር ስድስት ሳምንት ቤት ተዘግቶ መቀመጥ ማለት ነውና፣ ጫና የሚያነሣ ጫማ ወይም ጀሶ ሲታዘዝ ደረጃው አብሮ ይጠየቅ፤ ከተቻለ ለጊዜው ምድር ቤት ያለ ዘመድ ዘንድ ማረፍ ይታሰብ።

በሕክምናው የመጀመሪያ ሳምንታት ቁስሉ እየጠበበ ሳለ ራጁ የባሰ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ምስሉ ከበሽታው ኋላ ስለሚከተል በዚህ ብቻ መድኃኒት አይቀየርም። በኤም.አር.አይ የሚታየው የመቅኔ ለውጥም ከፈውሱ በኋላ ይቆያል። የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጠው አንቲባዮቲኩ ካበቃ ከ6 ወር በኋላ፣ ቁስሉ ተዘግቶ እንደቆየና የአጥንቱ ቅርፊት በራጅ ታድሶ እንደሆነ ታይቶ ነው።