ሆስፒታልና ሆቴል፤ የአንድ እናት ልጆች

በወላይታ ሶዶ ከተማ ባጃጅ አስቁሞ «ኦቶና» ላለ ሰው ባለ ባጃጁ ሌላ ጥያቄ አይጨምርለትም። ኦቶና የቦታ ስም ነው፤ ነገር ግን በከተማውና በዙሪያው ባለው ሕዝብ አነጋገር ኦቶና ማለት ሆስፒታሉ ማለት ነው። «እገሌ ኦቶና ነው» ከተባለ ዘመድ ሁሉ ነጠላውን ለብሶ፣ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ለጥየቃ ይነሣል። የሕክምናው ሥራ በሶዶ የተጀመረው፣ በሐኪሙ በቶማስ ላምቢ የሚመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ጓድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1928 ወደ ደቡብ በወረደ ጊዜ ነው። ሚሲዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 ከወላይታ እንዲወጡ ተደረገ፤ ሥራው ከነፃነት በኋላ እንደገና ቀጠለ። በደርግ ዘመን ሆስፒታሉ ወደ መንግሥት እጅ ገባ፤ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስም ረዘም ያለ ነው፤ ሕዝቡ ግን አሁንም «ኦቶና» ይለዋል።

ስለ ሆስፒታሉ ታሪክ ከእኔ የበለጠ የሚናገሩ አሉ። እኔ ለአንባቢ ላቀርብ ያሰብሁት ስለ ራሱ ስለ ቃሉ ነው። በየቀኑ የምንጠራው «ሆስፒታል» የሚለው ስም ከወዴት መጣ? ወደኛስ ሲደርስ ምን ይዞ ደረሰ?

ጥያቄውን ያስነሡት ተማሪዎች ናቸው። በእንግሊዝኛ ትምህርት ሰዓት «ሆስፒታሊቲ» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ መልሱ ሲባሉ ከክፍሉ እኩሌታው «የሆስፒታል አገልግሎት» ብሎ ይጽፋል። አይፈረድባቸውም። ትርጕሙ «እንግዳ ተቀባይነት» መሆኑ ሲነገራቸው ግን ወዲያው «ታዲያ በሽታን ከእንግዳ ጋር ምን አገናኘው?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ መልስ የሚገባው ነው።

ነገሩ ከላቲን ይጀምራል። በጥንት ሮማውያን ቋንቋ «ሆስፔስ» የሚባል ቃል ነበረ፤ ትርጕሙም እንግዳ ማለት ነው። ይኸው ቃል ደግሞ እንግዳውን የሚቀበለውን ባለቤት ይጠራ ነበር። ለኛ ጆሮ ግራ ይመስላል እንጂ ነገሩ የራሱ ምክንያት አለው፤ ዛሬ በቤቴ ያደረ መንገደኛ፣ ነገ እኔ ወደ አገሩ ስሄድ አሳዳሪዬ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ውል የታሰሩ ናቸው፣ በአንድ ስምም ይጠራሉ። ጣሊያኖች «ኦስፒቴ»፣ ፈረንሳዮችም «ኦት» ሲሉ እስከ ዛሬ ድረስ እንግዳውንም አስተናጋጁንም ማለታቸው ነው። ከሆስፔስ «ሆስፒታሊስ» የሚለው ቅጽል ወጣ፤ ከዚያም በመካከለኛው ዘመን «ሆስፒታሌ» ተወለደ፤ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ማለት ነው። ቃሉን ፈረንሳዮች ተቀበሉት፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ገባ።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ በዚያ ዘመን ሆስፒታል የሕሙማን ቤት ብቻ አልነበረም። ወደ ቅዱሳን ቦታዎች የሚጓዝ ተሳላሚ፣ የመሸበት ነጋዴ፣ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ፣ ወላጅ የሌለው ሕፃን፣ ሁሉም የሚገባበት ነበር። መንገደኛ ደግሞ በመንገድ ይታመማል። ስለዚህ ማረፊያው ቀስ በቀስ ማስታመሚያ፣ ማስታመሚያውም ማከሚያ ሆነ። የድሮው ትርጕም ቅሪት በእንግሊዝ አገር አሁንም ይገኛል፤ በ1552 የተመሠረተው «ክራይስትስ ሆስፒታል» የሚባለው ተቋም ትምህርት ቤት ነው። በለንደን የሚገኘው የቼልሲ ሮያል ሆስፒታልም የጡረተኛ ወታደሮች መኖሪያ ነው። ስሙን ብቻ አይቶ ጥርሱን ሊያስነቅል የሚሄድ ሰው ይቸገራል።

በግሪክ አገር በኩል የሄድን እንደ ሆነ ነገሩ ወደኛ ይበልጥ ይቀርባል። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ፣ በቤተ ክርስቲያናችን በስሙ ቅዳሴ የሚቀደስለት ማለት ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ለድኾች፣ ለመንገደኞችና ለሕሙማን ትልቅ ማረፊያ ሠርቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት ግሪኮች «ክሴኖዶኪዮን» ይሉታል። ቃሉን ከሁለት ብንከፍለው «ክሴኖስ» እንግዳ፣ ሁለተኛው ክፍል መቀበል ማለት ነው። እንግዲህ በቀጥታ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የእንግዳ መቀበያ» ይሆናል። በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ እንግዳን መቀበልና የታመመን መጠየቅ ጎን ለጎን መቈጠራቸውን ለሚያስታውስ ሰው የባስልዮስ ሐሳብ አዲስ አይሆንበትም። በዛሬው ግሪክኛ ግን ያው ቃል በሌላ መንገድ ሄዶ ሆቴል ማለት ሆኗል።

በኢየሩሳሌምም ከተሳላሚዎች ማረፊያ የተነሣ የመነኮሳት ማኅበር ነበረ፤ በ1113 የሮማው ፓፓ ዕውቅና ሰጠው። የማኅበሩ ሥርዓት ሕመምተኛውን እንደ ጌታ፣ አስታማሚውን እንደ አገልጋይ ይቈጥር ነበር። በኋላ ሰይፍ ታጥቀው የጦር ማኅበር ሆኑ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ሆቴል እንምጣ። ፈረንሳዮች «ሆስፒታሌ»ን በአፋቸው ሲያሳጥሩት «ሆስቴል» አደረጉት፤ ቈይተው ደግሞ «ስ»ን ዋጧት፤ «ኦቴል» ሆነ። በፈረንሳይኛ ጽሕፈት በፊደሉ ራስ ላይ የምትታየው ትንሽ ቆብ የዚያች የተዋጠች «ስ» መታሰቢያ ናት። እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ሦስት ጊዜ ተበደሩ፤ በመጀመሪያ ሆስፒታልንና ሆስቴልን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሆቴልን ወሰዱ። ስለዚህ ተማሪ የሚያድርበት ሆስቴል፣ ነጋዴ የሚያርፍበት ሆቴልና ሕመምተኛ የሚተኛበት ሆስፒታል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። (ወጣቶች በስልካቸው የሚከፍቱት «ሆትስፖት» ግን ከዚህ ዘር አይደለም፤ እርሱ ትኵስ ቦታ ማለት ነው።) በፓሪስ ከተማ ከኖትር ዳም ካቴድራል አጠገብ ያለው እጅግ ጥንታዊ ሆስፒታል እስከ ዛሬ «ኦቴል ድዩ» ይባላል፤ የእግዚአብሔር ማረፊያ ማለት ነው። በኛም አገር የመሸበት መንገደኛ በደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» ብሎ ይመልስለታል። የፓሪሱን ሆስፒታል ስም ወደ አማርኛ ለመመለስ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ስሙን በማልጠራው በአንድ ሆስፒታል አስታማሚ ሆኜ ሳለሁ ያየሁትን እዚህ ላይ ልጨምር። ወደ ማታ ግድም ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ልጃቸውን ካስተኙ በኋላ ወደ በሩ ወጥተው ዘበኛውን «ልጄ፣ እዚህ የመሸበት ሰው የት ያድራል?» ብለው ጠየቁት። ዘበኛውም በትሕትና «አባቴ፣ ይህ ሆስፒታል እንጂ ሆቴል አይደለም» አላቸው። እርሳቸውም «ይሁን» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከግንቡ ሥር ተቀመጡ። ዘበኛው የታዘዘውን ተናገረ፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። ዳሩ ግን ሽማግሌው ፊደል ሳይቈጥሩ የቃሉን ጥንታዊ ትርጕም ጠይቀው ነበር።

ከዚሁ ዘር ሌላ ወንድም አለ፤ እርሱ መልኩ ይከፋል። «ሆስታይል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጠላትነት ያለበትን ነገር ይገልጻል። ይህ ቃል ከላቲኑ «ሆስቲስ» የመጣ ነው። ሆስቲስ በመጀመሪያ ከውጭ አገር የመጣ ባዕድ ሰው ማለት ነበረ፤ በኋላ ጠላት ማለት ሆነ። ትርጕሙ እንዲህ መለወጡን የሮማው ተናጋሪ ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት ጽፎታል። የቋንቋ ሊቃውንት ሆስፔስና ሆስቲስ፣ ደግሞም እንግዳን የሚጠራው የእንግሊዝኛው «ጌስት»፣ ከአንድ ጥንታዊ ሥር መብቀላቸውን ይናገራሉ። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከደጅ ሲቆም ቤተኛው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ያስገባዋል ወይ ይዘጋበታል። ቋንቋውም ለሁለቱ ሁለት ቃል አበጀ።

የኛው «እንግዳ» የሚለው ቃልስ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? «እንግዳ መጣ» ሲባል ቡና ይቈላል። «እንግዳ ነገር» ሲባል ግን ሰው ይጠራጠራል። «ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ» የሆነ ሰው ያሳዝናል። ከሩቅ ቀበሌ ተነሥቶ ሆስፒታል የደረሰ ገበሬ በሁለቱም ትርጕም እንግዳ ነው። ካርድ ማውጫው፣ የላቦራቶሪው ወረቀት፣ ሐኪሞች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት እንግሊዝኛ፣ ሁሉም ባዕድ ይሆንበታል። በሆቴል በር ላይ «እንግዳ ተቀባይ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠረጴዛና ፈገግ የሚል ሰው ይጠብቀዋል። በሆስፒታል በር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ፍተሻ ነው። ከሁለቱ ወንድማማቾች የእናታቸውን ጠባይ ያልረሳው ገንዘብ የሚያስከፍለው መሆኑ ያስገርመኛል።

አባቶቻችን ቤቱን በእንግዳው አልሰየሙትም። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው በአዲስ አበባ ማከም ሲጀምሩ፣ በኋላም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲቋቋም፣ ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ቦታ «ሐኪም ቤት» አለው። «ሐኪም» በዐረብኛ ጠቢብ ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪም ቤት የጠቢቡ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ሐኪሙ፣ ሕመምተኛው ሊለምን የመጣ ነው። ሆስፒታል ግን በትርጕሙ የእንግዳው ቤት ነው። ሁለቱን ስሞች እንደ አንድ እያቀያየርን እንጠራለን እንጂ የቆሙበት ወገን የተለያየ ነው።

ሆኖም አማርኛችን ሳያውቅ ሆቴልንና ሆስፒታልን መልሶ ያገናኘበት አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «አልጋ» ነው። ማታ ሶዶ የገባ መንገደኛ ሆቴል ሄዶ «አልጋ አለ?» ይላል እንጂ «ክፍል አለ?» አይልም። ሕመምተኛ ይዞ የመጣ ዘመድም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። «አልጋ ያዘ» የተባለ ሰው ተከራይ ይሁን በሽተኛ የሚለየው ከነገሩ አካሄድ ነው። «አልጋ የለም» የሚለው መልስም በሁለቱም ቤት አንድ ነው፤ የሚያስከትለው ነገር ግን አንድ አይደለም። አልጋ ዙፋንም ነው፤ «አልጋ ወራሽ» የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው። የኢየሩሳሌሙ ማኅበር ሕመምተኛውን ጌታ ማለቱ በአማርኛ ቢሰማ ኖሮ ያምር ነበር።

በኛ አገር ለማደሪያና ለምግብ ገንዘብ መክፈል ራሱ ብዙ ጊዜ ያስቈጠረ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን በ1890ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ሲያቋቁሙ፣ ከፍሎ እንጀራ መብላት እንደ ነውር ስለ ታየ ገበያው ቀዝቅዞ እንደ ነበር፣ አፄ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው ሒሳብ እንደ ከፈሉ ይተረካል። ትረካው እውነትም ይሁን ተረት፣ በዘመኑ ለነበረው ሰው ሆቴል የሚለው ሐሳብ እንዴት ባዕድ እንደ ነበረ ያሳያል። በኋላ ጣሊያኖች «አልቤርጎ»ን አመጡልን፤ እርሱ ከሆስፔስ ዘር ሳይሆን ከጀርመኖች አፍ የተወሰደ የጦር ሰፈር ማለት ነው። በየመናኸሪያው አጠገብ ባሉ አንዳንድ አልቤርጎዎች ሌሊት ያለውን ጫጫታ የሰማ ሰው ትርጕሙ አይጠፋበትም።

የጥንቱ ትርጕም ግን ከአገራችን ፈጽሞ አልጠፋም። በጉራጌ ዞን ከወልቂጤ ብዙም በማይርቀው በአጣጥ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1976 ጀምሮ የነፍሰ ጡሮች ማቆያ ይገኛል። መንደራቸው ሩቅ የሆነ፣ ወይም ከዚህ ቀደም በምጥ የተቸገሩ እናቶች የመውለጃቸው ቀን ሳይደርስ መጥተው እዚያ ይቀመጣሉ። በሌሎች ሆስፒታሎችና በብዙ ጤና ጣቢያዎችም እንዲህ ያለ ቤት ኋላ ተሠርቷል። ሴቶቹ ገና ሕመምተኞች አይደሉም፤ መርፌም ሆነ ኪኒን የሚጠብቁ አይደሉም። አልጋ ይዘው፣ ቡና አፍልተው፣ በየቋንቋቸው እየተጫወቱ ቀናቸውን ይጠብቃሉ፤ ምጡ ሲመጣ አዋላጇ የምትገኘው ግቢውን አቋርጦ ነው።