የሠርጉ ዲቪዲ ሳይጠፋ

ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከሲኤምሲ እስከ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ቴሌቪዥን የተቀመጠበት ቡፌ ካለ ሥሩ አንድ መሳቢያ አይጠፋም። መሳቢያው ውስጥ የሠርግ፣ የመልስ፣ የክርስትና፣ የምረቃ፣ አንዳንዴም የተዝካር ዲስክ ተደራርቦ ይገኛል። ዲቪዲም ይሁን ቪሲዲ ሁሉንም በደፈናው «ሲዲ» እንለዋለን። ዴኩ ከተበላሸ ቆይቷል። አዲሱ ላፕቶፕ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። አዲሱ ቴሌቪዥንም የሚቀበለው ፍላሽ ነው። ስለዚህ ዲስኮቹን የሚያያቸው የለም፤ የሚያያቸው ስለሌለም እየሞቱ መሆናቸው አይታወቅም።

አዎ፣ ዲስክ ይሞታል። በፋብሪካ ታትሞ የሚሸጥ የፊልም ዲቪዲና ፎቶ ቤት የሚሰጠን የሠርግ ዲቪዲ ለዓይን አንድ ናቸው፤ ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። ፋብሪካ ያተመው ዲስክ መረጃውን የሚይዘው ፕላስቲኩ ላይ ተጨፍልቀው በወጡ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነው። ፎቶ ቤቱ በርን ያደረገው ላይ ግን ጉድጓድ የለም፤ ያለው ስስ የቀለም ንጣፍ ነው። በርነሩ ቀለሙን በጨረር እየለበለበ ምልክት ያኖራል፤ ማጫወቻው ደግሞ የተለበለበውን ካልተለበለበው ይለያል። ቀለሙ ኬሚካል ስለሆነ ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት ያደክሙታል። መስኮት ዳር ፀሐይ ሲመታው የከረመ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠው ቀድሞ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

መረጃው የሚጻፈው ከመሃል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ እየዞረ ነው። ባዶው ቦታ ሳይሞላ የቀረበትን ዲስክ ገልብጦ መስኮት ላይ ዘንበል ቢያደርጉት የተጻፈበትና ያልተጻፈበት ቦታ ድንበር በዓይን ይታያል። ጣት የሚያርፈውም፣ እርጥበት የሚገባውም፣ ዲስኩ ሲዞር ይበልጥ የሚንገዳገደውም በጠርዙ በኩል ነው። ስለዚህ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዝግጅቱ ማብቂያ ነው። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ አይቶ «ይሠራል» ብሎ መመለስ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው።

ዲቪዲ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ነው። ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች ተጣብቀው ነው። መረጃው ያለው ከሁለቱ መሃል ነው። ሲዲ ላይ ግን መረጃው ከላይኛው ፊት ሥር፣ በስስ ላከር ብቻ ተሸፍኖ ስለሚገኝ በጽሑፉ በኩል መቧጨር ዋናውን ያነሣዋል። ዲቪዲ በዚህ በኩል ጠንካራ ነው። የሙሽሮቹ ፎቶ የታተመበት ተለጣፊ ወረቀት ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ወረቀቱ አንዱ ጎኑ ሲላቀቅ ወይም ሲኮማተር ዲስኩ ሚዛኑን ይስታል፣ ማንበቢያውም ይቸገራል። ልጦ ለማንሣት መሞከር ከዚህ የባሰ ነው፤ እንዳለ ይገልበጥ።

ለሥራው የሚያስፈልገው ዋና ዕቃ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ ነው። መገናኛ አካባቢ ባሉ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫዎች የሚጠየቀው «ኤክስተርናል ዲቪዲ ራይተር» ተብሎ ነው። ስሱና በእጅ የሚያዘው ዓይነት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከላፕቶፑ ብቻ ነው። አንድ የተለመደ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ 500 ሚሊ አምፔር ይሰጣል፤ ዲስኩ መዞር ሲጀምር ይህ ላይበቃ ይችላል። መሣሪያው «ጥክ፣ ጥክ» እያለ ዲስኩን ማወቅ ካቃተው ዲስኩን ከመውቀስ በፊት ማከፋፈያውን ነቅሎ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ መሰካት ወይም ሁለት ራስ ያለው ገመድ መጠቀም ነው።

እኔ ግን ምርጫ ካገኘሁ ከአሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ የወጣ ወፍራም ማንበቢያ እመርጣለሁ። ዲስኩን አጥብቆ ይይዛል፣ ሲዞርም አይንቀጠቀጥም፤ ስሱ እምቢ ያለውን ዲስክ ሲያነብ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ ሙሉ መሣሪያ አለው ማለት ነው። የሚጎድለው መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስ ነው፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይበቃል። ሲገለበጥ መብራት ቢጠፋ ዲስኩ አይጎዳም፣ ቅጂው ግን ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፤ ጎዶሎ መሆኑን ሳያስተውሉ ዋናውን ዲስክ መጣልም አለ።

ቀጥሎ ማስቀመጫው። ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለት ንጣፍ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል። አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ጢም ብለው የሞሉ 200 ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲዎችን ይችላል፤ ያን ያህል ዲስክ ያለው ቤተሰብ ብዙ አይደለም። ለእኛ ከተማ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚዞረውን ሳህን የሚያነበው ራስ ሳህኑን አይነካውም፤ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሄደው። አየሩ ከሳሳ ራሱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አምራቾች ለተለመደው ሃርድ ዲስክ የሚሰጡት የከፍታ ወሰን ብዙውን ጊዜ 3,048 ሜትር፣ ማለትም 10,000 ጫማ ነው። መገናኛና ኮተቤ ከዚህ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለሚሉ ስጋት የለባቸውም። የእንጦጦ ጫፍ ግን፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የቆሙበት የምርምር ማዕከል ያለበት አካባቢ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ ለሚኖር ወይም ለሚሠራ ሰው የሚዞር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይሻለዋል። ሃርድ ዲስኩን ይዞ ተራራውን መውጣትና መውረድ ችግር የለውም፤ ወሰኑ እየሠራ ላለ ዲስክ ነው።

ሃርድ ዲስኩም ሆነ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ቦታ እያለ «ቦታ የለም» የሚል የሚመስለው ለዚህ ነው። ባዶ ሳለ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ዲስኩን አስገብቶ በቀጥታ ወደ ኤምፒ4 ይቀይርና ዲስኩን ይጥላል። እኔ የምለው በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ምስል፣ አይኤስኦ የሚባለውን፣ እንዳለ ማውጣት ነው። አይኤስኦ ከዲስኩ አንዲት ባይት ሳይጨምር ሳይቀንስ በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ ነው፤ ማውጫው፣ ምዕራፉ፣ ሁሉም እንዳለ ይቆያል። ትንሹን የስልክ ቅጂ ከእሱ ላይ ነገም መሥራት ይቻላል። ከኤምፒ4 ተነሥቶ ዋናውን መመለስ ግን አይቻልም።

ለዊንዶውስ ኢምግበርን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። የመጨረሻው ዕትም እ.ኤ.አ. የ2013 ቢሆንም ዛሬም ያገለግላል፤ ሲጫን ግን ሌላ የማይፈለግ ፕሮግራም አብሮ እንዳይገባ እያንዳንዱን መስኮት ማንበብ ያስፈልጋል። «ከዲስክ ምስል ፍጠር» የሚለውን መርጦ ማስጀመር ነው። ደህና ዲስክ በሩብ ሰዓት ገደማ ያልቃል። የተገኘውን አይኤስኦ ቪኤልሲ ላፕቶፕ ላይም ስልክ ላይም ዲስኩ እንደገባ አድርጎ ያጫውተዋል።

ለቴሌቪዥንና ለቴሌግራም የሚሆነውን ትንሽ ቅጂ የሚሠራው ሃንድብሬክ ነው፤ እሱም ነጻ ነው። አገራችን የምትጠቀመው የፓል ሥርዓት ስለሆነ የሠርግ ዲቪዲ ምስል 720 በ576 ነው። «ፋስት 576ፒ25» የሚለው ዝግጁ ምርጫ ጥሩ መነሻ ነው፤ የጥራት ቁጥሩን ከ18 እስከ 22 ባለው መካከል ማድረግ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ይጨምራል። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። የዚያን ዘመን ካሜራ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነው የሚቀርጸው፤ ግማሾቹ መስመር በመስመር ይጠላለፋሉ። በኮምፒውተር ሲታይ ፈጣን እንቅስቃሴ ላይ፣ በተለይ እስክስታ የሚወርድ ትከሻ ላይ፣ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይወጣል። ሃንድብሬክ ላይ ዲኢንተርሌስ የሚለውን ከፍቶ «ቦብ» የሚለውን መምረጥና ፍጥነቱን 50 ማድረግ ጭፈራውን እንደ ቀድሞው ያቀናዋል። ምስሉን ወደ 1080 ማሳደግ ግን ፋይሉን ከማወፈር በቀር ያልነበረ ጥራት አያመጣም።

አንዳንድ ዲስክ ግን እንዲህ በቀላሉ እጁን አይሰጥም። ኮተቤ የሚኖሩት አክስቴ የልጃቸውን የ2000 ዓ.ም. ሠርግ ዲስክ ሲሰጡኝ «ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ያለው ከወጣ ይበቃኛል» አሉኝ። ኢምግበርን ከግማሽ በላይ ሄዶ ቆመ፤ አንዱን ቦታ ደጋግሞ እየሞከረ ተገትሮ ቀረ። ዲስኩን በለብታ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አጥቤ፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ባለ መስመር አደረቅሁት፤ አዙሮ መጥረግ ጭረቱን በመረጃው መስመር ላይ ስለሚያስኬደው ክልክል ነው። የጥርስ ሳሙና ይቀባ የሚሉ አሉ። ጭረቱን ሊያለሰልስ ይችላል፤ ቀለሙ ላይ የደረሰን ጉዳት ግን አይነካውም፣ አዲስ ጭረትም ያመጣል።

የሠራው ዲዲሬስኪው ነው። ሊኑክስ ላይ የሚሠራ፣ መስኮት የሌለው፣ ትእዛዝ እየጻፉ የሚያስነሡት ፕሮግራም ነው። ብልሃቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ ጤነኛውን ቦታ በፍጥነት ይወስዳል፣ ያስቸገረውን ዘሎ ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ወደዘለለው ተመልሶ በ2,048 ባይት ቁራጭ በቁራጭ ይለቅማል። የተነበበውንና ያልተነበበውን ካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል። መብራት ቢጠፋ ከቆመበት ይቀጥላል። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ያንኑ ካርታ ይዞ በሌላ ማንበቢያ ላይ ማስቀጠል መቻሉ ነው። ስሱ ማንበቢያ ሌሊቱን ለቅሞ ያቃተውን፣ ጠዋት የዴስክቶፑ ወፍራም ማንበቢያ አብዛኛውን ሞላው። ምርቃቱ ሙሉ ወጣ፤ መልሱ ላይ ከጭፈራው ጥቂት ሰከንድ በካሬ በካሬ ተበጣጥሶ ቀርቷል።

ከዲቪዲው ቀድሞ የመጣው ቪሲዲ የራሱ ጠባይ አለው። 74 ደቂቃ ገደማ ስለሚይዝ ሠርጉም ፊልሙም «ክፍል 1» እና «ክፍል 2» ተብሎ በሁለት ዲስክ ይመጣ ነበር። ሴክተሩ ከዲቪዲው ስለሚለይ ወደ አይኤስኦ በትክክል አይገባም፤ ኢምግበርን ቢን እና ኪው የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አድርጎ ያወጣዋል፤ ሁለቱ ሳይነጣጠሉ ይቀመጡ። ውስጡ ያለውን ዳት የሚል ፋይል ቪኤልሲ ያጫውተዋል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዲስክ ደግሞ በኤንቲኤስሲ፣ 720 በ480 ሆኖ ይመጣል። ኮምፒውተር ሁለቱንም ያነባል፤ ሃንድብሬክ ላይ የፓሉን ምርጫ አለመውሰድ ብቻ ነው። ሱቅ የተገዛ ፊልም ከሆነ የቀጠና ቁጥርም አለው፤ ኢትዮጵያ ቀጠና 5፣ አሜሪካ ቀጠና 1 ናት። ማንበቢያው ቀጠናውን 5 ጊዜ ብቻ ስለሚያስቀይር በዘፈቀደ «እሺ» ማለት አይገባም። ፊልሙ ሲኤስኤስ በሚባል ቁልፍም የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ይህን ቁልፍ የፈታውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1999 ካወጡት አንዱ የሆነው ኖርዌያዊው ወጣት ዮን ሌክ ዮሃንሰን ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2003 በነጻ ተሰናብቷል። ዛሬ ሜክ ኤምኬቪ ዲቪዲን ያለ ክፍያ ከፍቶ ወደ ኤምኬቪ ይገለብጣል። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል መጠቀሚያው በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። ገልብጦ መሸጥና ማከፋፈል ሌላ ነው፤ የአማርኛ ፊልም ሠሪዎችን ያደከመው እሱ ነው። የገዛ ሠርግን መገልበጥ ግን ማንንም አይነካም።

ተገልብጦ ሲያልቅ ፋይሉ «ኒው ፎልደር» ውስጥ «ቪዲዮ 1» ተብሎ እንዳይቀር። የማን ዝግጅት እንደሆነ፣ ዓመተ ምሕረቱና ቦታው ስሙ ላይ ይግባ፤ ሙሽሮቹን የማያውቅ ልጅ ነገ ሲከፍተው እንዲገባው። ፍላሽ ለቴሌቪዥን ጥሩ ነው፣ ለዓመታት ማከማቻ ግን አይሆንም፤ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ሲቆይ የያዘው ሊጠፋው ይችላል። አይኤስኦው በሁለት ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፤ አንዱ እቤት፣ ሌላው ሌላ ሰፈር ካለ ወንድም ወይም እህት ዘንድ። ሁለቱንም በዓመት አንዴ፣ እንቁጣጣሽ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ፣ ሰክቶ ጥቂት ፋይሎችን ከመሃልና ከመጨረሻ ማየት ያስፈልጋል። ዋናው ዲስክም አይጣል፤ ዛሬ ያልተነበበውን ቁራጭ ነገ ሌላ ማንበቢያ ሊያነበው ስለሚችል ከካርታ ፋይሉ ጋር ቁጥር ተሰጥቶት ጨለማና ደረቅ ቦታ ላይ በመያዣው ቀጥ ብሎ ይቁም።