መልስ ያልመጣለት መልእክት

በቆቦ ግራና ሸለቆ ለመስኖ ከሚውለው ውሃ ብዙው ከከርሰ ምድር የሚሳብ ነው። ግራና አካባቢ በአንድ ጉድጓድ ላይ የውሃውን ከፍታ የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ተተከለና ልኬቱን በሞባይል ኔትወርክ ወልድያ ላለ ኮምፒውተር ይልካል እንበል። መሣሪያው ላከ፤ መልስ ግን አልመጣም። ልኬቱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል። ደርሶ፣ የጠፋው የወልድያው መልስ ሊሆንም ይችላል። ወይም ምንም የጠፋ ነገር ሳይኖር መስመሩ ዘግይቶ ይሆናል። ከላኪው በኩል ሲታዩ ሦስቱም አንድ መልክ ነው ያላቸው፤ ዝምታ። አስተማማኝ የመረጃ መላላኪያ መሥራት ማለት ለዚህ ዝምታ የሚሰጠው ግምት ስህተት ሆኖ ሲገኝ እንኳ መረጃው እንዳይበላሽ አድርጎ መሥራት ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለ መላላኪያ ሲሠራ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፈው ኮድ አብዛኛው ድካሙ ለዚሁ ነው።

መነሻችን ዩዲፒ ነው። ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1980 ባወጣው የሦስት ገጽ ሰነድ የተደነገገ እጅግ ቀላል የመረጃ መላኪያ ሥርዓት ነው። በእያንዳንዱ ፓኬት ራስጌ ላይ የሚያኖረው 8 ባይት ብቻ ሲሆን፣ እሱም የመነሻ ፖርት፣ የመድረሻ ፖርት፣ ርዝመትና የማረጋገጫ ድምር ነው። ተራ ቁጥር የለው፣ ደረሰኝ የለው፣ ድጋሚ መላክ የለው። ፖስታ ቤት ገብቶ ተራ ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ እንደ መጣል ነው፤ የአደራ ደብዳቤ የሚያሰኘውን ሁሉ ላኪና ተቀባይ ራሳቸው ሊያሟሉት ይገባል። በሲ ፕሮግራም ሶኬት ተከፍቶ «ሴንድቱ» የሚባለው ትእዛዝ ሲጠራና ያለ ስህተት ሲመለስ፣ ጀማሪ መልእክቱ የደረሰ ይመስለዋል። የትእዛዙ መልስ የሚናገረው ግን የራሱ ማሽን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፓኬቱን እንደተረከበው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ያለ ዋስትና ነው።

ስለዚህ ላኪው ለየፓኬቱ ተራ ቁጥር ይሰጣል፣ ተቀባዩ የደረሰውን ቁጥር ጠቅሶ ደረሰኝ ይመልሳል፣ ደረሰኙ በጊዜው ካልመጣ ላኪው ያንኑ ፓኬት ይደግማል። ቁጥሩ ለምን እንዳስፈለገ በሒሳብ ማየት ይቻላል። በሁለቱም አቅጣጫ ከ100 ፓኬት 10ሩ የሚጠፋበት መስመር አለን እንበል። ከ100 ልኬቶች 90ዎቹ ወልድያ ይደርሳሉ፤ ከ90ዎቹ ደረሰኞች 9ኙ ሲመለሱ ይጠፋሉ። ላኪው 81 ደረሰኝ ያገኝና 19ኙን ይደግማል፤ ከእነዚህ ውስጥ 9ኙ ግን አስቀድመው የደረሱ ናቸው። ተቀባዩ በቁጥራቸው ካልለያቸው መዝገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ይሰፍራሉ፣ የውሃውን አማካይ ከፍታ የሚያሰላው ሰውም የተዛባ ውጤት ያገኛል። ሊዘነጋ የማይገባው ደግሞ ተቀባዩ የተደገመውን ፓኬት ቢጥለውም ደረሰኙን እንደገና መላክ እንዳለበት ነው፤ ዝም ካለ ላኪው ያንኑ ፓኬት ሲደጋግም ይኖራል።

ሲ ለማሽኑ ቅርብ ቋንቋ ስለሆነ ጥቃቅኑን ጉዳይ ሁሉ ለጸሐፊው ይተወዋል። በብዙዎቻችን ላፕቶፕ ውስጥ ባለ አራት ባይት ቁጥር የሚቀመጠው ከትንሹ ባይት ጀምሮ ነው። ተራ ቁጥር 1 እንዳለ ተልኮ ባይቶችን በተቃራኒው የሚደረድር ማሽን ቢያነበው 16,777,216 ይሆንበታል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ከመላኩ በፊት «ኤችቶን-ኤል» በሚባለው ትእዛዝ ወደ ኔትወርክ አደራደር የሚለወጠው። በሁለት ተመሳሳይ ላፕቶፖች መካከል ብቻ ሲሞከር ይህ ስህተት ተደብቆ ይቆያል። መጠኑም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በተለመደው ባለ 1,500 ባይት መስመር ላይ የአይፒው ራስጌ 20 ባይትና የዩዲፒው 8 ባይት ሲቀነሱ 1,472 ባይት ይቀራል። ከዚያ የበለጠ ከተላከ ፓኬቱ ይቆራረጣል፤ ከቁርጥራጮቹ አንዱ ከጠፋ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል።

ከባዱ ጥያቄ ምን ያህል ይጠበቅ የሚለው ነው። ብዙ መጠበቅ ጊዜ ያባክናል፤ መቻኮል ደግሞ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል፣ ከ400 ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ በሰከንድ 32,000 ቢት የነበረው ፍሰት ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ። መስመሩ ሲጨናነቅ ደረሰኞች ዘገዩ፣ ኮምፒውተሮቹ መዘግየቱን እንደ መጥፋት ቆጥረው ደጋገሙ፣ ድግግሞሹም መጨናነቁን አባባሰው። ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው ጥናት መፍትሔውን አስቀመጠ። የደርሶ መልሱን አማካይ ጊዜ ብቻ ሳይሆን መዋዠቁንም እየለኩ የመጠበቂያ ጊዜውን ማስላት፣ መልስ በጠፋ ቁጥር ጊዜውን እጥፍ ማድረግ፣ የሚላከውንም መቀነስ ነው። ከተደገመ ፓኬት ደረሰኝ የደርሶ መልስ ጊዜ መለካት ግን አይገባም፤ ደረሰኙ የመጀመሪያው ይሁን የሁለተኛው ስለማይታወቅ።

መጠበቅ ሌላም ዋጋ አለው። የወረዳኔት ፕሮጀክት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ያገናኘው በአብዛኛው በሳተላይት ነበር። እንዲህ ያለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚገኝ፣ ብርሃን በሚጓዝበት ፍጥነት እንኳ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። 1,000 ባይት ልኮ ደረሰኝ እስኪመጣ የሚቀመጥ ፕሮግራም በሰከንድ ከ2,000 ባይት በላይ ማሳለፍ አይችልም። አንድ ሚሊዮን ባይት የሆነ ፋይል 500 ሰከንድ፣ ማለትም ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ መስመሩ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ለውጥ የለም። ደረሰኝ ሳይጠብቁ 32 ፓኬቶችን አከታትሎ መላክ ከተፈቀደና መስመሩ ከቻለው ያው ፋይል በ16 ሰከንድ ያልቃል። ይህ የመስኮት ዘዴ ይባላል። በመካከል አንዱ ሲጠፋ ከእሱ ጀምሮ ሁሉንም መድገም ለኮድ ይቀላል፤ መስመሩ ሩቅና ጉድለት የሚበዛበት ከሆነ ግን ተቀባዩ የኋለኞቹን በማቆያ ይዞ የጎደለውን ብቻ እንዲቀበል ማድረግን እመርጣለሁ።

ቲሲፒ የተባለው አስተማማኝ የመላላኪያ ሥርዓት ይህን ሁሉ እየሠራ ሳለ ለምን እንደገና ይደከማል የሚል ይኖራል። ለአብዛኛው ሥራ ቲሲፒን መጠቀም ትክክል ነው፤ ይህን ሳላመነታ እናገራለሁ። ነገር ግን ቲሲፒ የሚኖረው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ስለሆነ ለማሻሻል ያስቸግራል፤ አንድ ፓኬት ሲጠፋም ከኋላው የደረሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ጎግል የጀመረውና እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 መደበኛ ደንብ የሆነው ኩዊክ በዩዲፒ ላይ የተገነባው በእነዚህ ምክንያቶች ጭምር ነው። ወልድያ ላይ ዩቲዩብ የሚከፍት ስልክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በዚሁ ነው። ስለዚህ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያጠና ተማሪ ይህን ኮድ ሲጽፍ ዛሬ በሥራ ላይ ያለ እውቀት እየተማረ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ኔትወርኩ ሲሻሻል ጣጣው ሁሉ ይቀራል የሚል ነው። ሳልትዘር፣ ሪድና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ የጠቀሱት የኤምአይቲ ገጠመኝ ለዚህ መልስ ይሆናል። በየመስመሩ ላይ ፓኬቶች እየተመረመሩ ይተላለፉ ነበር። በመካከል የነበረው አንድ ማገናኛ ኮምፒውተር ግን በራሱ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሲገለብጥ በየሚሊዮን ባይቱ አንድ ጊዜ ያህል ሁለት ባይት ያቀያይር ነበር። መስመሮቹ ደህና ሆነው ሳለ የፕሮግራም ፋይሎች ተበላሹ፤ ባለቤቶቹም ከአሮጌ የወረቀት ቅጂ ጋር በእጅ ለማስተያየት ተገደዱ። የዩዲፒ ድምርም ቢሆን ባለ 16 ቢት ቃላት ቦታ ሲለዋወጡ አይለወጥም። ፋይሉ ሲያልቅ ሁለቱ ጫፎች ከሙሉው ፋይል ይዘት የሚሰላውን ሻ-256 የተባለ አሻራ ማነጻጸር አለባቸው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው ችግር ፈጽሞ የማይፈታ ነው። ተቀባዩ የመጨረሻውን ደረሰኝ ልኮ ፕሮግራሙን ቢዘጋና ደረሰኙ ቢጠፋ፣ ላኪው ለተዘጋ በር ሲደጋግም ይቀራል። ለደረሰኙ ደረሰኝ ቢጨመር ጥርጣሬው ወደ አዲሱ ይዛወራል፤ መጨረሻ ላይ የላከ ወገን ሁልጊዜ መድረሱን ሳያውቅ ይቀራል። ሥራ ላይ የዋለው መላ ተቀባዩ ሁሉን ካገኘ በኋላ ወዲያው ሳይዘጋ፣ ከላኪው ረጅሙ የመጠበቂያ ጊዜ ለበለጠ ጊዜ መቆየትና የተደገመ ነገር ከመጣ ደረሰኙን እንደገና መስጠት ነው። ላኪውም የድጋሚ ሙከራ ገደብ ይኑረው፤ ገደቡ ላይ ሲደርስ «ተሳክቷል» ወይም «አልተሳካም» ሳይል «አልታወቀም» ብሎ ይመዝግብ፤ በሚቀጥለው ግንኙነት አሻራው ተነጻጽሮ ይጣራል።