መንግሥቱ፣ ቃሊቲና የአመክሮ ነገር

የደርግ መሪ የነበሩት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ከወጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከዚያ ወዲህ ስለደረሰባቸው ግን በቃሊቲ መናኸሪያ ሻይ ቤቶች ሳይቀር ዛሬም እንደመጣ ይወራል።

«የኮበለሉት ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ነው።»

አይደለም። የሄዱት ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሲሆን ከተማዋ የተያዘችው ከሳምንት በኋላ ነው። በመሃሉ በወንበሩ ላይ የነበሩት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ እሳቸውም ጣሊያን ኤምባሲ ተጠግተው እዚያው አረፉ። ለዓመታት ሲከበር የኖረው ግንቦት 20 ነውና 13ን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

«የገደሉት ተቃዋሚን እንጂ ዘር አላጠፉም፤ ፍርዱ ስህተት ነው።»

በዘር ማጥፋት የተፈረደባቸው በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 281 ከዓለም አቀፉ የዘር ማጥፋት ስምምነት ሰፋ ብሎ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም ያካትታል። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ቅጣት ዕድሜ ልክ እስራት ነበር፤ ሞት የፈረደው፣ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የተጠጉባት ዚምባብዌ ግን አሳልፋ አልሰጠቻቸውም።

«የደርግ ባለሥልጣናት ምሕረት ተደርጎላቸው ከቃሊቲ እስር ቤት ወጡ።»

በጣም የተስፋፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አይከብድም። ሃያ ዓመት ስንቅ ሲቋጠርለት የኖረ አባት ድንገት ቤቱ ሲገባ ጎረቤት «ተማረ» ከማለት ሌላ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንዳይታለፍ ይከለክላል። የሚፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ርእሰ ብሔሩ የሞትን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ማሻሻል ይችላል። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በግንቦት 2003 ዓ.ም. ለ23 ፍርደኞች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው የወንጀል ሕጉ ድርሻ ነበር፤ የዕድሜ ልክ እስረኛ 20 ዓመት ከታሰረ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። እነ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና ፍሥሐ ደስታ የታሰሩት በ1983 ዓ.ም. ስለነበር ጊዜው ሞልቶላቸው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ወጡ። ጥፋተኛ ያላቸው ፍርድ አልተነሣም።

«መንግሥቱም አብረው ተማሩ።»

ቅጣታቸው ከተሻሻለላቸው መካከል ስማቸው የለም። ጣሊያን ኤምባሲ ውስጥ 29 ዓመት የቆዩት ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላም በ2013 ዓ.ም. የተለቀቁት በዚያው መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ቅጣቱ ተሻሻለ፣ ቀጥሎ አመክሮ መጣ። ለመንግሥቱ ከሁለቱ አንዱም አልተደረገም።