ዓመታዊ ቆጠራና የባለቤቱ ጤንነት

የሰኔ ወር ሊፈጸም ሲቃረብ በየንግድ ቤቱ የሚታየው ሥራ አንድ ዓይነት ነው። መጋዘኑ ተከፍቶ ዕቃው ይቆጠራል፤ የተበላሸው ከደኅናው ይለያል፤ የዱቤው መዝገብ ተገልጦ ከማን ምን ያህል እንደሚፈለግ ይጣራል። ጠንቃቃ ነጋዴ ትርፍና ኪሳራውን ሳያውቅ ወደ አዲሱ የሒሳብ ዓመት መሻገርን አይወድም። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ቆጠራ መካከል ሳይመረመር የሚታለፍ አንድ ትልቅ ሀብት አለ፤ እርሱም የንግድ ቤቱ ባለቤት የገዛ ሰውነቱ ነው።

ነገሩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በአገራችን ብዙው ንግድ የቆመው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ዕቃ የሚልክለትን ደንበኛ የሚያውቀው፣ ከጅምላ ሻጩ ጋር በቃል የተዋዋለው፣ በዱቤ የሰጠውንም በልቡ የያዘው እርሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ግማሽ አካሉ ቢዝልና አንደበቱ ቢታሰር፣ ጉዳቱ በርሱ ላይ ብቻ አይቀርም። ቤተ ሰቡ የማያውቀውን ዕዳ ይጠየቃል፤ ሊሰበስብ የሚገባውንም ገንዘብ ከማን እንደሚጠይቅ ያጣል።

ይህን አደጋ ከሚያመጡት ምክንያቶች ዋነኛው የደም ግፊት ከልክ በላይ መሆን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ የደም ግፊት ግን ራሱ ከባለቤቱ ተደብቆ፣ ሳያሳምምና ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ዓመታት ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥሮች ሲጎዳ ይኖራል። ስለዚህ ሕመም እስኪሰማ ድረስ መጠበቅ ከንቱ ነው።

በክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን የግፊት መለኪያ ኢጣሊያዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 አስተዋወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ ኮሮትኮፍ የተባለው የሩስያ ሐኪም በማዳመጫ እየሰሙ ሁለቱን ቁጥሮች መለየት እንደሚቻል አስረዳ። ዛሬ ይህ ምርመራ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ሆኖም ልኬቱ እንዲታመን፣ ተመርማሪው ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ያህል ቡና ሳይጠጣና ሲጋራ ሳያጨስ መቆየት፣ ለ5 ደቂቃም ጀርባውን ደግፎ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ በጸጥታ መቀመጥ ይገባዋል። ክንዱም በልቡ ትክክል ይሁን። ከ120 በ80 በታች መልካም ነው፤ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሚገኝ ከሆነ ግን የሐኪም ክትትል ያሻዋል። ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው ቢያንስ በየዓመቱ ቢለካ ይጠቀማል። መድኃኒት የታዘዘለትም «አሁን ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባውም፤ ግፊቱ የቀነሰው በመድኃኒቱ ኀይል ነውና።

የስኳር በሽታም እንደዚሁ በዝግታ የሚገባ ነው። ሌሊቱን ምግብ ሳይቀምሱ አድረው ጠዋት በሚደረግ የደም ምርመራ ውጤቱ ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደኅና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው አለ ማለት ነው። ሰውነቱ የወፈረ፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ ይህ በሽታ ያለበት፣ በእርግዝናዋም ጊዜ ስኳሯ ከፍ ብሎ የነበረች ሴት ከሌላው አስቀድመው መመርመር አለባቸው።

ለሴቶች የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ የተለየ ግምት ሊሰጠው ይገባል። ይህ በሽታ ካንሰር ከመሆኑ አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት በቀላሉ ሊታከም በሚችል ለውጥ መልክ ይቆያል። የመከላከያው ክትባት በኢትዮጵያ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዛሬ ሱቅ የሚያስተዳድሩት እናቶች ይህን ዕድል አላገኙም። ስለዚህ 30 ዓመት የሞላት ሴት ሁሉ፣ ምንም ባያማትም፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ መመርመር ይገባታል። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችም «ይጠፋ ይሆናል» ብላ ቀን መቁጠር የለባትም።

ወንዱም ሴቱም ስለ ጉበት በሽታ፣ ይኸውም ሄፓታይተስ ቢ ስለሚባለው፣ አንድ ጊዜ መመርመር ይጠቅማቸዋል፤ ከበሽታው ነጻ የሆነ ሰው በክትባት ሊጠበቅ ይችላልና። ከ40 ዓመት በኋላ ዐይንንም ማስመርመር መልካም ነው። የፊደሉ መደብዘዝ በመነጽር ይታረማል፤ ግላኮማ የተባለው የዐይን ግፊት የሚያጠፋው ብርሃን ግን አይመለስም። በሌላ በኩል ገንዘብ ስለተረፈ ብቻ የምርመራ ዓይነት ሁሉ መግዛት ብልኅነት አይደለም፤ ለዕድሜውና ለቤተ ሰቡ የበሽታ ታሪክ የሚስማማውን ሐኪሙ ይምረጥ።

ምርመራ ብቻውን ጤና አይሆንም። ከጠዋት እስከ ማታ ከባንኮኒ ኋላ የሚቀመጥ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይገባዋል፤ ከቤት ወደ ሱቅ የሚወስደውን መንገድ በከፊል በእግር ቢሄድ አብዛኛውን ያሟላል። የቀን የጨው መጠን ከ5 ግራም፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳያልፍ ይመከራል፤ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ያለውም አብሮ ይቆጠራል። ጫትና አልኮል የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። መድኃኒት የሚወስድ ጿሚም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር እንጂ የመድኃኒቱን ሰዓት በራሱ አይለውጥ። ስለ ትምባሆም፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥን መከልከሉን ባለሱቅ ሁሉ ያስታውስ።

ቡና በሚበጠርበትና እህል በሚራገፍበት መጋዘን የሚሠሩትን ማሰብም የአሠሪው ፈንታ ነው። አቧራው እንዲወጣ መስኮት መክፈትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መስጠት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሠራተኛ ስለ ሳንባ ነቀርሳ እንዲመረመር ከነደመወዙ ፈቃድ ቢያገኝ፣ ጥቅሙ ለርሱም ለባልደረቦቹም ለንግድ ቤቱም ነው።

እንግዲህ ዕቃው በሚቆጠርበት ሰሞን አንድ ጠዋት ለሐኪም ቤት ይመደብ። የግፊቱ፣ የስኳሩና የክብደቱ ቁጥር ከነቀኑ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ በሚመጣውም ዓመት ካለፈው ጋር ይተያይ። በዚያው ቀን የዱቤው ስም ዝርዝር ለሚስት ወይም ለታማኝ ልጅ ቢነገር ደግሞ፣ ባለቤቱ ሰውነቱንና ቤቱን በአንድነት ጠብቋል ማለት ነው።